ለሌባ የተቀጠረ ዘበኛ እሳትንም ይጠብቃልን?

አንባቢ ሆይ! ማታ ከመተኛትህ በፊት በርህን ስትቀረቅር፥ መስኮትህን ስትዘጋ በልብህ የምታስበው ስለ ማን ነው? ያለ ጥርጥር ስለ ሌባ ነው። ሌባ አጥር ዘሎ በመስኮት ሾልኮ ይገባልና ግንቡን ከፍ እናደርጋለን፤ በግንቡ ላይ የተሰባበረ ጠርሙስ ወይም እሾኻም ሽቦ እንጨምራለን፤ መስኮቱን በብረት ፍርግርግ እናጥራለን፤ አቅም ያለውም ዘበኛ ይቀጥራል፥ ውሻ ያሳድጋል። ሌላው ጠላት ግን ከውጭ የሚመጣ አይደለም። ከእኛው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ያድራል፤ በሶኬቱ፥ በምድጃው፥ በሻማው ዘንድ ተኝቶ ጊዜውን ይጠብቃል። እርሱም እሳት ነው።

ዛሬ ላጫውትህ ያሰብኩት እነዚህን ሁለት ጠላቶች በአንድ መሣሪያ ስለ መጠበቅ ነው። የሌባ ማስጠንቀቂያ ደወል ባለበት ቤት የጢስ ጠቋሚን ከዚያው ደወል ጋር ማገናኘት ይቻላል፤ መልካምም ነገር ነው። ነገር ግን አገናኙ ሰው የሌባና የእሳት ጠባይ የተለያየ መሆኑን ካላሰበበት፥ መሣሪያው ጨርሶ ካለመኖሩ የባሰ ይሆናል። መሣሪያ የሌለው ሰው ይጠነቀቃል፤ የማይሠራ መሣሪያ ያለው ግን ተማምኖ ይተኛልና። ይህን የተረዳሁት ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ካደርኩበት ቤት ነው።

የዚያች ሌሊት ነገር

አጎቴ የሚኖሩት አዲስ አበባ ነው። በሰፈራቸው ሌባ ስለ በዛ ከውጭ አገር የመጣ የደወል መሣሪያ ገዝተው አስገጠሙ። በየበሩና በየመስኮቱ ማግኔት ተለጠፈ፤ በሳሎኑ ማዕዘን የሰው እንቅስቃሴ የሚያይ ዐይን ተሰቀለ፤ በመግቢያው አጠገብ የምሥጢር ቁጥር የሚነካበት ሰሌዳ፥ በኮሪደሩም ጆሮ የሚያደነቁር ሳይረን ተተከለ። ገጣሚው ሰው «ለእሳትም ይሁንልዎ» ብሎ በሳሎኑና በኮሪደሩ ኮርኒስ ላይ ሁለት ነጫጭ የጢስ ጠቋሚዎች ጨመረላቸው። አጎቴ እጅግ ደስ አላቸው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ ኮርኒሱ እያሳዩ «ሁለት ዘበኛ በአንድ ደመወዝ!» ይሉ ነበር።

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ እርሳቸው ዘንድ ሰነበትኩ። አንድ ሌሊት ኃይለኛ ዝናብ ይዘንብ ነበር፤ መብራቱም ሄዶ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ተመልሶ መጣ። ከሶፋው ጀርባ አንድ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ገመድ ወድቆ ነበር፤ ቴሌቪዥኑም፥ ፍሪጁም፥ የስልክ ቻርጀሩም ሁሉ የተሰኩት በእርሱ ላይ ነው። ገመዱ ጋለ፤ ከሶፋው ስፖንጅ ጋር ተጣብቆ ነበርና ስፖንጁ ያለ ነበልባል ውስጥ ውስጡን ይጤስ ጀመር። ጢሱ ሳሎኑን ሞልቶ ወደ ኮሪደሩ ተሻገረ። ሁለቱ ጠቋሚዎች ጢሱን አይተውታል፤ በላያቸው ያለችው ቀይ መብራት በርታ እንደ ነበረ ኋላ አረጋግጠናል። ሳይረኑ ግን ዝም አለ።

የቀሰቀሰን ሳል ነው። አያቴ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው፤ እንቅልፋቸው ቀላል ነው። እያሳሉ ተነሥተው «ኧረ ልጆች! ይህ የሚሸተው ምንድን ነው? ተነሡ!» ብለው ጮኹ። ተነሣን። በጢሱ ምክንያት ወደ ሳሎኑ በር መሄድ አልተቻለም። ወደ መስኮቱ ዞርን፤ መስኮቱ ግን ፍርግርግ አለበት፤ ፍርግርጉ በጓጉንቸር ተቆልፎአል፤ የጓጉንቸሩ ቁልፍ ደግሞ ያለው ሳሎን ውስጥ በመሳቢያ ነው። በመጨረሻ በወጥ ቤቱ በኩል ወጣን፤ እኔ አያቴን ተሸክሜ፥ አጎቴ ልጆቹን እየጎተቱ። ዘበኛው ወደ ቆጣሪው ሮጦ መብራቱን አጠፋ፤ ወደ 939 ተደውሎ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደረሱና ሶፋውን አጠፉት።

ሰው አልተጎዳም። ሆኖም «አያቴ ባያስሉስ ኖሮ?» የሚለው ሐሳብ ብዙ ቀን እንቅልፍ ነሣኝ።

ሣጥኑ ሲከፈት

በማግሥቱ አጎቴ «አንተ ፊዚክስ አስተማሪ ነህ አይደለም? እስቲ ይህን ጉድ ክፈተውና ዘበኛዬ ለምን እንደ ተኛ ንገረኝ» አሉኝ። እኔም ጠመንጃ መፍቻዬን ይዤ ዋናውን ሣጥን ከፈትኩት። ያገኘሁትን እንድትረዳው አስቀድሜ ሁለቱ መሣሪያዎች እንዴት እንደሚሠሩ ልንገርህ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በኤሌክትሪክ ለሚሠራ የሌባ ደወል የፈጠራ መብት የተቀበለው አሜሪካዊው አውገስተስ ፖፕ ነው፤ ጊዜውም 1853 ነበር። በ1857 ኤድዊን ሆምስ የሚባል ነጋዴ መብቱን ገዝቶ ደወሉን በቦስተንና በኒው ዮርክ ያስፋፋው ጀመር። በፖፕ ደወል በር ሲከፈት ሽቦና ሽቦ ይገናኝና መዶሻው ደወሉን ይመታ ነበር። እንዲህ ያለውን ደወል ግን ሽቦውን አስቀድሞ የቆረጠ ሌባ ዝም ሊያሰኘው ይችላል። ስለዚህ በዛሬው የሌባ ደወል ነገሩ ተገልብጦ ይሠራል። ኤሌክትሪኩ በበሩና በመስኮቱ ማገናኛዎች ሁሉ በኩል ያለማቋረጥ ይዞራል። በር ሲከፈት ማግኔቱ ይርቃል፥ ማገናኛው ይላቀቃል፥ ዙሩ ይቋረጣል፤ ሣጥኑም ይጮኻል። ሌባው ሽቦውን ቢቆርጥም ያው ይጮኻል።

የጢስ ጠቋሚው ታሪክ ደግሞ ከስዊትዘርላንድ ይጀምራል። በ1930ዎቹ መጨረሻ ዋልተር ዬገር የተባለ የፊዚክስ ሊቅ መርዘኛ ጋዝ የሚለይ መሣሪያ ለመሥራት ሲደክም መሣሪያው ጋዙን አልለይ አለው። ተስፋ ቆርጦ ሲጋራ ቢለኩስ፥ የመለኪያው ቀስት በሲጋራው ጢስ ምክንያት ተንቀሳቀሰ ይባላል። የአገሩ ሰው ኤርንስት ማይሊ ሥራውን አሻሻለው። ከዚያም በ1965 አሜሪካውያኑ ዱዌን ፒርሳልና ስታንሊ ፒተርሰን ለመኖሪያ ቤት የሚሆን በባትሪ የሚሠራ ርካሽ ጠቋሚ ሠሩ።

ዛሬ በብዛት የምናገኘው ጠቋሚ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በውስጡ አሜሪሲየም የተባለ ጨረር ሰጪ ንጥረ ነገር እጅግ በጣም ጥቂት አለበት። ጨረሩ አየሩን ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ያደርገዋል፤ ጢስ ሲገባ ፍሰቱ ይቀንሳል፤ መሣሪያውም በዚህ ያውቃል። ይህኛው ነበልባሉ ፈጥኖ የሚነሣ እሳት ቶሎ ይገባዋል። ሁለተኛው በብርሃን የሚሠራ ነው። በጨለማ ክፍሉ ውስጥ አንዲት መብራትና አንድ የብርሃን ዐይን ፊት ለፊት ሳይተያዩ ተቀምጠዋል። ጢስ ሲገባ ብርሃኑ በጢሱ ላይ እየነጠረ ወደ ዐይኑ ይደርሳል፤ በመስኮት የገባች የፀሐይ ጨረር በጢስ ውስጥ ጎልታ እንደምትታየው ማለት ነው። እንደ አጎቴ ሶፋ ቀስ ብሎ የሚጤሰውን እሳት ቀድሞ የሚያውቀው ይህ ነው። በአጎቴ ቤት የተሰቀሉትም ከዚሁ ዓይነት ናቸው። እንግዲህ ጥፋቱ ከጠቋሚዎቹ አልነበረም።

ጥፋቱ ከአገናኙ ነው። ገጣሚው የጠቋሚዎቹን ሽቦ የወሰደው ከሳሎኑ መስኮት ማገናኛ ጋር በዚያው በሌባው ዙር ላይ ቀጥሎ ነበር። ጠቋሚው ጢስ ሲያይ ዙሩን ይቆርጣል፤ ሣጥኑም መስኮት የተከፈተ ይመስለዋል። አጎቴ ከቤት ሲወጡ ደወሉን ያነቁታል፤ ሲመለሱ ግን የምሥጢሩን ቁጥር ነክተው ያስተኙታል፤ ሌሊት ልጆቹ ሲነሡ እንዳይጮኽ ብለው። የሌባው ዘበኛ ሲተኛ የእሳቱም ዘበኛ አብሮ ይተኛል! እንግዲህ አስተውል፤ መሣሪያው ቤቱን ከእሳት ይጠብቅ የነበረው ሰው በሌለበት ሰዓት ብቻ ነው። ሰዎቹ ገብተው ሲተኙ፥ ሊጠበቁ በሚገባቸው ሰዓት፥ አይጠብቅም ነበር።

ሦስት ልዩነቶች

የሌባና የእሳት ጥበቃ በሦስት ነገር ይለያያሉ። ገጣሚ ጠርተህ ብታሠራ እነዚህን ሦስቱን ጠይቀው።

አንደኛው የእንቅልፍ ነገር ነው። የሌባው ደወል እንደ ባለቤቱ ፈቃድ ይነቃል፥ ይተኛል። የእሳቱ ግን ከቶ መተኛት የለበትም። ስለዚህ በደኅና ሣጥን ላይ ለእሳት ብቻ የተለየ መስመር አለ፤ ሃያ አራት ሰዓት የነቃ ነው፤ የምሥጢር ቁጥር አያስተኛውም። ደግሞም የሌባው ደወል ባለቤቱ ገብቶ ቁጥሩን እስኪነካ ሠላሳ ሰኮንድ ያህል ይታገሣል፤ የእሳቱ መስመር ግን ይህ የመግቢያ ጊዜ ሊሰጠው አይገባም።

ሁለተኛው የሽቦው ነገር ነው። በሌባው ዙር ሽቦ ሲቆረጥ ጩኸት ነው። በእሳቱ መስመር ግን እንዲህ ቢሆን አይጥ ሽቦ በበላች ቁጥር ቤተ ሰቡ «እሳት!» እየተባለ ሌሊት ወደ ውጭ ይሮጣል፤ በሦስተኛው ጊዜ ማንም አይነሣም። ስለዚህ በእሳቱ መስመር መጨረሻ ላይ ሬዚስተር የምትባል ትንሽ ዕቃ ትታሰራለች፤ ልክዋም በሣጥኑ ሠሪ የታዘዘ ነው፤ በአንዱ 2,000 ኦም ያህል፥ በሌላው ከዚያ የሚበልጥ ይሆናል። ጥቂት ኤሌክትሪክ ያለማቋረጥ በእርስዋ በኩል ያልፋል። ሣጥኑ ይህን ጥቂት ፍሰት ሲያይ መስመሩ ደኅና መሆኑን ያውቃል። ፍሰቱ ጨርሶ ሲቋረጥ «ሽቦ ተበላሽቷል» የሚል ምልክት በሰሌዳው ላይ ያሳያል እንጂ ሳይረኑን አያስጮኽም። ጠቋሚው ጢስ አይቶ ሁለቱን ሽቦዎች ሲያገናኛቸው ግን ኤሌክትሪኩ ሬዚስተርዋን ትቶ በአቋራጭ ይሮጣል፤ ያን ጊዜ ሣጥኑ «እሳት!» ይላል። እንግዲህ አንዱ መስመር ሦስት ነገር ይናገራል ማለት ነው፤ ደኅና፥ ብልሽት፥ እሳት። ነገር ግን ሬዚስተርዋ መታሰር ያለባት በመጨረሻው ጠቋሚ ላይ ነው። ሰነፍ ሠራተኛ በሣጥኑ ውስጥ ካሰራት፥ ሽቦው ኮርኒስ ውስጥ ቢቆረጥም ሣጥኑ «ደኅና» እያለ ይኖራል።

ሦስተኛው የድምፅ ነገር ነው። የሌባ ደወል የሚጮኸው ሌባው ደንግጦ እንዲሸሽ፥ ጎረቤትም እንዲሰማ ነው፤ ባለቤቱ ክፍሉን ዘግቶ ቢቀመጥ ይሻለዋል። የእሳት ደወል የሚጮኸው ግን ሰዎቹ ራሳቸው ፈጥነው እንዲወጡ ነው። ትእዛዞቹ ተቃራኒዎች ናቸው። ከእንቅልፉ የባነነ ሰው የትኛው እንደ ሆነ በምን ይለይ? በዚህ ምክንያት በአሜሪካ ከ1996 ጀምሮ ለእሳት የተወሰነ የጩኸት ሥርዐት አለ። ግማሽ ሰኮንድ ጩኸት፥ ግማሽ ሰኮንድ ዝምታ፤ ይህ ሦስት ጊዜ ይደጋገማል፤ ከዚያ አንድ ሰኮንድ ተኩል ያህል ዝም ይልና እንደ ገና ይጀምራል። የሌባው ሳይቆራረጥ የሚጮኽ ይሆናል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ቢነሡ የእሳቱ ድምፅ መቅደም አለበት።

እንዴት አስተካከልነው

ሥራውን የሚያውቅ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርተን፥ እኔም እያገዝኩት ሽቦውን እንደ ገና ዘረጋነው። ጠቋሚዎቹ ባለ አራት ሽቦ ናቸው፤ ሁለቱ 12 ቮልት ያመጡላቸዋል፥ ሁለቱ ወሬውን ወደ ሣጥኑ ይወስዳሉ። ከመስኮቱ ዙር አላቀቅናቸውና በሣጥኑ የእሳት መስመር ላይ አሰርናቸው። በመጨረሻው ጠቋሚ ዘንድ ሬዚስተርዋን፥ ከእርስዋም ጋር ሪሌይ የምትባለውን ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አስቀመጥን፤ ጠቋሚዎቹ የሚሠሩበት 12 ቮልት ቢቋረጥባቸው ሪሌይዋ መስመሩን ትከፍትና ሣጥኑ ብልሽቱን ይናገራል። በየመኝታ ቤቱም አንዳንድ ጠቋሚ ጨመርን። ባለሙያዎች የሚመክሩት በየመኝታ ክፍሉ፥ ከመኝታ ክፍሎቹ ውጭ ባለው ኮሪደር፥ በየፎቁም እንዲኖር ነው።

መብራት በሚጠፋበት አገር የባትሪው ነገር ይታሰብበት። የአጎቴ ሣጥን ባትሪ 7 አምፔር ሰዓት ነው። ሣጥኑና ጠቋሚዎቹ ባንድነት 0.15 አምፔር ቢወስዱ በሃያ አራት ሰዓት 3.6 አምፔር ሰዓት ይፈጃሉ፤ የቀረው ለሳይረኑ ይበቃል። በአሜሪካ ለመኖሪያ ቤት የተወሰነውም ሃያ አራት ሰዓት ያለ መብራት ቆይቶ ከዚያ በኋላ አራት ደቂቃ እንዲጮኽ ነው። ባትሪ ግን ያረጃልና በየጊዜው ይመርመር።

አንድ ነገር አጥብቄ ላስጠንቅቅህ። በቀጥታ በቤት መብራት የሚሠሩ ጠቋሚዎችም አሉ። እነዚህን ከ12 ቮልቱ ሣጥን ጋር ሽቦ ለሽቦ ማሰር ሣጥኑን ያቃጥላል፥ ሰውም ይገድላል። ለእነርሱ በመካከል የሚገባ የተለየ ሪሌይ ሠሪዎቹ ያዘጋጃሉ፤ እርሱንም የሚያስረው ሠራተኛ ይሁን።

ስለ ቁልፍና ስለ ቡና

ሽቦው ሁሉ ቢስተካከልም ፍርግርጉ ከተቆለፈ ምን ይጠቅማል? ደወሉ ይቀሰቅስሃል እንጂ በር አይከፍትልህም። ሌባ እንዳይገባ ያጠርነው ብረት እኛ እንዳንወጣ ያደርገናል። አጎቴ አሁን በየመኝታ ቤቱ ቢያንስ አንድ ፍርግርግ ከውስጥ የሚከፈት አድርገዋል፤ ቁልፉም ከመስኮቱ አጠገብ፥ ከውጭ እጅ በማይደርስበት ምስማር ላይ ይንጠለጠላል። ልጆቹ በጨለማ እየዳበሱ ማግኘትን ተለማምደዋል። ከዚህ ሁሉ ሥራ ዋጋው የረከሰው ይህ ምስማር ነው፤ ከሽቦው ግን አያንስም።

በውጭ አገር፥ ይልቁንም በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ወገኖቻችን የጢስ ጠቋሚን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ቡና ሲቆላ፥ ዕጣን ሲጨስ ይጮኽባቸዋልና። የሰለቸው ሰው ባትሪውን ነቅሎ በመሳቢያ ያስቀምጠዋል። ነገር ግን የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር እንደሚያስረዳው፥ በዚያ አገር በቤት እሳት ከሚሞቱ ከአምስት ሰዎች ሦስቱ ያህል የሚሞቱት ጠቋሚ በሌለበት ወይም ያለው በማይሠራበት ቤት ነው። ስለዚህ ጠቋሚው ከምድጃ ቢያንስ ሦስት ሜትር ይራቅ፤ ቡናው በረንዳ ላይ ወይም መስኮት ተከፍቶ ይቆላ፤ ለጥቂት ደቂቃ ዝም የሚያሰኝ ቁልፍ ያለው ጠቋሚ ይመረጥ። ባትሪውን መንቀል ግን ውሻው ጮኸብኝ ብሎ ማነቅ ነው።

አንተስ፥ አንባቢ ሆይ፥ ተማሪ ወይም አዲስ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነህ በአንዲት የኪራይ ክፍል የምትኖር እንደ ሆነ «ይህ ሁሉ ለባለ ግንብ ነው» ትል ይሆናል። አይደለም። ለአንድ ክፍል ሣጥንም ሽቦም አያሻም፤ ባትሪውና ደወሉ በውስጡ ያለ አንድ ጠቋሚ ይበቃል። ኮርኒስ ላይ ስቀለው፤ በየወሩ ቁልፉን ተጭነህ ድምፁን ስማ፤ አሥር ዓመት ሲሞላው ለውጠው። ደግሞም ከሰል በተዘጋ ክፍል አታድርስ። የከሰል መርዝ ጢስ የለውም፥ አይሸትም፤ የጢስ ጠቋሚም አያውቀውም፤ ለእርሱ የተለየ ጠቋሚ አለ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

ሥራው በተፈጸመ በሳምንቱ፥ አንድ ቅዳሜ ማታ ደወሉን ልንፈትን ተስማማን። አጎቴ እንደ ልማዳቸው የምሥጢሩን ቁጥር ነክተው የሌባውን ደወል አስተኙት። እኔ ለአያቴ አስቀድሜ ነግሬአቸው ነበር፤ ልጆቹ ግን አያውቁም። ሁሉም ሲተኙ በኮሪደሩ ያለውን ጠቋሚ መፈተኛ ተጫንኩ። ሳይረኑ ሦስት ሦስት ጊዜ እየቆራረጠ ጮኸ። ልጆቹ ቁልፉን ከምስማሩ አውርደው ፍርግርጉን ከፈቱ፤ በሰዓቴ ስቈጥር ሁላችንም ግቢው ውስጥ ለመገኘት ሁለት ደቂቃ አልሞላንም። አያቴ በምርኩዛቸው፥ ጋቢአቸውን ተከናንበው ከሁሉ ቀድመው ወጥተው ቆመዋል። «ተመስገን» አሉ፤ «ከእንግዲህ የእኔን ሳል አትጠብቁም።»